ከእትዬ ቀጥሎ የሚጠጣ

ከእናቴ የወረስሁት ሁለት ነገር ነው፤ የጉልበት ሕመምና የማርያም ማኅበር። ሁለቱም በወር አንድ ጊዜ ይነሡብኛል።

ስለ ጉልበቴ የሚባል ብዙ የለም። ማኅበሩ ግን እንዲህ ነው። ሃያ የማንሞላ ሰዎች በየወሩ በሃያ አንድ፣ ተራው በደረሰው አባል ቤት እንሰበሰባለን። የነፍስ አባታችን ከዘጌ በጀልባ መጥተው ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦ ይባርካሉ። ከዚያ ከወይራ የተፈለፈለ አንድ ጽዋ በጠላ ተሞልቶ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ሰው ከእሱው ፉት ብሎ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ስንለያይ የሚቀጥለው ወር ባለ ተራ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። አስተናጋጁ ቤት በጠርሙስ ትንሽ ጠላ አብሮ ይልካል። ጽዋው አዲሱ ቤት ሲደርስ ያ ጠላ ይቀዳበትና የቤቱ እመቤት በር ላይ ቀምሳ ታስገባዋለች። ተራውም አቀማመጡም አንድ ነው። የእናቴ ቦታ ከእትዬ ቀጥሎ ስለነበረ፣ እኔም ከእትዬ ቀጥዬ እቀመጣለሁ፣ ከእትዬ ቀጥዬ እጠጣለሁ።

ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ባላቸውን ከቀበሩ ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ ፋሲሎ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሽመና ማሽን አጠገብ የቆመ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይሆንለትም።

እኔ በብዙ ነገር የማላምን ሰው ነኝ። በስብሰባ አላምንም፣ በአምስት ዓመት ዕቅድ አላምንም፣ ሰው በሥልጠና ይለወጣል በሚለውም አላምንም። ማኅበሩን ያልተውሁት ግን ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ያለ ፕሮጀክተር የሚናገርበት ቦታ እሱ ብቻ ስለቀረ ነው። ከጸሎቱ ቀጥሎ የማኅበሩ ዋና ሥራ የአስተናጋጁን ጠላ ማማት ነው። ከግቢው በር እንደወጣን እንጀምራለን። የአንዱ ቀጥኗል፣ የአንዱ ጭስ ጭስ ይላል። የእትዬ ደግሞ ሁልጊዜ ጌሾ ይበዛበታል። ይህን ያላለ አባል የለም፤ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ጌሾውንም አይቀንሱም።

ነገሩ የተጀመረው ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የጤና ትምህርት ይሰጥ የሚል ደብዳቤ ከቀበሌ የመጣ ጊዜ ነው። የማኅበራችን መሪ፣ እኛ ሙሴ የምንለው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ኃላፊ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ የኤች አይ ቪ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤ ሲያይ ደስ ይለዋል። አንዲት ነርስ ጋበዘ። እኔም ለጉዳዩ እንግዳ አልነበርሁም። በሐይቁ ዳር የቆመው የቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ ያለው የኤች አይ ቪ መፈክር የእኔ ነው። ድሮ በውድድር አሸንፌ መፈክሬ የታተመበት ኮፍያ ተሸልሜበታለሁ። ፊደሉን ፀሐይ በልታዋለች። አሁን ሰሌዳው ጥላ ይሰጣል፤ ፍቅረኞች ከሥሩ ይቀመጣሉ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚያነቡት ግን አላየሁም።

ሲስተር ወጣት ናት፤ በደንብ አስተማረች። ቫይረሱ የሚተላለፈው ያለ ኮንዶም በሚደረግ ወሲብ፣ ደም በነካው ምላጭና መርፌ፣ ካልታከመች እናት ደግሞ ወደ ልጇ ነው አለች። ከዚያ ጥያቄ ጋበዘች። በኩባያስ? አይተላለፍም። በትንኝስ፣ እኛ እንኳ ሐይቅ ዳር ነን? አይተላለፍም። በባጃጅ ወንበር፣ በመጸዳጃ ቤት፣ በሳል? አይተላለፍም፣ አይተላለፍም፣ አይተላለፍም። ስለ አልጋ አንድም ሰው አልጠየቀም። የሚተላለፍበትን መንገድ ሁላችንም በግል እናውቀዋለን መሰለኝ፣ በአደባባይ የጠየቅነው የማይተላለፍበትን ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ሲስተር ከመካከላችን የተመረመረ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ሙሴው ጉሮሮውን ጠረገና እዚህ ያለነው ሁላችን ባለ ትዳር፣ ጨዋ ሰዎች መሆናችንን አስረዳት።

«ትዳር እኮ ክትባት አይደለም» አለች።

ያን ጊዜ እትዬ ዳቦአቸውን እንደያዙ፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው፣ «እኔ ተመርምሬያለሁ። አለብኝ። መድኃኒቱን ከጀመርሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው» አሉ።

ለምን ያን ቀን እንደተናገሩ በኋላ ጠይቄአቸው ነበር። ልጅቱ ብቻዋን ስትለፋ አሳዘነችኝ ነው ያሉኝ።

ሲስተር ፊቷ በራ። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ እንደሚቀንስ፣ እንዲህ የሆነ ሰው በወሲብ እንኳ እንደማያስተላልፍ፣ በኩባያ ደግሞ ድሮም እንደማይተላለፍ በድጋሚ አብራራች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የማኅበራችን ራስ መነቅነቅ እንደ ሐይቁ ዳር ዘንባባ ነው፤ ነፋስ መኖሩን ያሳያል እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ ጽዋው ዞረ። እትዬ ፉት አሉና ለእኔ አቀበሉኝ። ቤቱ ሁሉ ያየኝ ጀመር። መፈክር የጻፍሁ ሰው ነኝ። ስለዚሁ ጉዳይ በሁለት ቋንቋ አንብቤያለሁ። ለስንት ዓመት በየወሩ ከእሳቸው ቀጥዬ ስጠጣ ኖሬአለሁ። ከንፈሬን ጽዋው ጫፍ ላይ አስደገፍሁና፣ ሳልጠጣ፣ ጉሮሮዬን ከፍ ዝቅ አደረግሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለውም ሰው እንደዚያው አደረገ። ጽዋው ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ እንደሞላ ነበር። እትዬ ወደ ውስጡ አየት አደረጉና ለአስተናጋጁ መለሱለት።

ያን ቀን ከግቢው ስንወጣ የአስተናጋጁን ጠላ ያማ የለም። ሁሉም «ምስኪን» ይላል፤ «እንዴት ያሉ ጠንካራ ሴት!» ይላል። ከዚያ አንዱ ቆም ብሎ፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት ከእሳቸው ጋር መጠጣታችንን በጣቱ ቆጠረ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከመካከላችን በጽዋው የታመመ አልነበረም። ይህን ያህል ጊዜ የተሞከረ ማስረጃ የትኛውም ሐኪም ቤት የለውም። እኛ ግን ማስረጃውን ገልብጠን ያዝነው፤ ወደ ኋላ መፍራት ጀመርን።

በሳምንቱ ሙሴው ሐይቁ ዳር ካለ ሻይ ቤት ጠራኝ። የሚቀጥለው ስብሰባ እሱ ቤት ነው፤ በዚያ ቀን ጽዋው ለእትዬ ይተላለፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወር የእትዬ ተራ ነው። «ሰው ይቸገራል» አለኝ። «እኔ አይደለሁም፤ እኔ ሥልጠና ወስጃለሁ። ሰው ግን ይቸገራል።»

የነፍስ አባታችንን አማክሮ ነበር። አባታችን «የተባረከ ጽዋ በሽታ አያስተላልፍም፤ ጠጡ» አሉት። ሲስተርን ጠየቀ። እሷም ያልተባረከም ቢሆን አያስተላልፍም፣ ጠጡ አለችው። ሃይማኖትና ሳይንስ አንድ ቃል ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ማኅበሩ ሁለቱንም አልሰማም።

ሙሴው ከእኔ የፈለገው ጽሑፍ ነበር። የመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ፣ ማንንም የማይነካ፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራ። እምቢ ማለት ልማዴ ነው፤ በአሥፋልቱ ስፋት፣ በሐይቁ እንቦጭ፣ በቀን መቁጠሪያው ሁሉ ከሰው ጋር ተከራክሬአለሁ። እምቢታዬ ወዳጅ የሚያሳጣኝ በሆነበት በዚህ ጉዳይ ግን «እስኪ አየዋለሁ» አልሁ። ማታውኑ ጻፍሁት፤ ደስ እያለኝም ጻፍሁት። «የአባላትን ጤንነት ከመጠበቅ አኳያ እያንዳንዱ አባል የግል መጠጫውን ይዞ እንዲገኝ፤ የጤና ሁኔታቸው ዕረፍት የሚሻ አባላትም ከመስተንግዶ ጫና ነጻ እንዲሆኑ።» አንዲትን ሴት ከተራዋ ማስወጣትን «ከጫና ነጻ ማድረግ» ብሎ ለመጻፍ ብዙ መጽሐፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

ባለቤቴ ለደንቡ አልጠበቀችም። ክዳን ያላት የብረት ኩባያ ገዝታ መጣች። ሲስተር ያለችውን ሁሉ ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ «አንተ የምታውቀውን እወቅ፤ ኩባያዋን ግን ያዝ» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን እትዬን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጥላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ምርኩዝ ይዘዋል።

«ጠላዬን የሚያማ ጠፋ እኮ» አሉኝ።

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«ትላንት ሁለት አባሎች ቤቴ መጡ። ቀዳሁላቸው። አልነኩትም፤ ግን እንዴት ያለ ግሩም ጠላ ነው ብለው ሄዱ። ሰው እንዲህ የሚመሰገነው ሲሞት ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ይህን ሲያደርጉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እስኪ አንተ የተማርህ ነህ፣ አትዋሸኝ። ጽዋውን ይሰጡኛል ወይስ ያሳልፉኛል? ቢያሳልፉኝ ዳግመኛ አልመጣም። የቀረኝ ዘመድ እናንተ ናችሁ፤ ግን አልመጣም።»

«ምን ጥያቄ አለው፣ እትዬ» አልሁ። አንቀጹ በብብቴ በያዝሁት ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፌ ተረበሸ። ያስጨነቀኝ የእትዬ ጉዳይ ነው ብዬ ብጽፍ መልካም ነበር፤ ያስጨነቀኝ ግን የራሴ ጤና ነው። ልመርመር አልሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ከሐኪሙ እስከ ዘበኛው የሚያውቀኝ ሰው አለ። ስለዚህ ለባለቤቴ ለጉልበቴ የሚሆን ጥሩ ሐኪም አለ ብዬ፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ሐሙሲት ሄድሁ። ማንም የማያውቀኝ አገር።

የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሙሴው ተቀምጧል።

ጋዜጣ እስከ ዓይኑ ድረስ ዘርግቶ ነበር፤ ጫማው ግን አሳበቀበት። ከጎኑ ሌሎች ሦስት የማኅበሩ አባላት፣ በመካከላቸው አንድ አንድ የማያውቁት ሰው አስቀምጠው፣ ወደተለያየ አቅጣጫ እያዩ ተቀምጠዋል። ሙሴው ደም ግፊት ሊለካ መምጣቱን ነገረኝ።

«ባሕር ዳር የደም ግፊት መለኪያ የለም እንዴ?» አልሁት።

«አንተስ?»

«ጉልበቴን።»

«ባሕር ዳር የጉልበት ሐኪም የለም?»

ከሦስቱ አንዱ ጨጓራ ነኝ አለ። ሌላዋ በሽተኛ ልትጠይቅ መጥታ ነው፤ የበሽተኛውን ስም ስንጠይቃት ግን ተቆጣች። አንደኛው ምክንያት ሳያዘጋጅ ነው የመጣው፤ ገበያ ቀን መስሎት እንደሆነ ተስፋ አደረግንለት።

እንዲህ እየተደጋገፍን ሳለ የመድኃኒት ማደያው በር ተከፈተና እትዬ ወጡ፤ በአንድ እጃቸው ጥላ፣ በሌላው በስስ ፌስታል የተቋጠረ መድኃኒት። ቆመው አንድ በአንድ አዩን።

«ማኅበሩ ወደ ሐሙሲት ዞረ እንዴ?» አሉ በዚያ በማሽን ድምፃቸው። «የዛሬው ተራ የማን ነው?»

አግዳሚው ላይ የነበሩ የማናውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ዘወር አሉ። ሙሴው ጋዜጣውን አጠፈ። እትዬ መጥተው ከመካከላችን ተቀመጡ፤ የሸሸ የለም፤ የሚሸሽበት ቦታም የለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀጠሯቸውን የሚጠብቁት እዚህ ነበር። ባሕር ዳር ብወስድ እናንተ ታዩኛላችሁ ብዬ ነው አሉን። አሁን ሁሉም ሰው አውቋል፣ ግን መንገዱን ለምደውታል፤ መድኃኒት ሰጪዎቹም ለምደዋቸዋል።

«እኔ ከእናንተ ሸሽቼ እዚህ መጣሁ» አሉ። «እናንተ ደግሞ ከእኔ ሸሽታችሁ እዚሁ።»

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። የምርመራ ባለሙያው ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው። ለምን መመርመር እንደፈለግሁ ጠየቀኝ። ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር በአንድ ጽዋ እንደጠጣሁ ነገርሁት።

«በዚያ አይተላለፍም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ለምን መጡ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ሌሎቹን ጥያቄዎች ቀጠለ፤ ማንም በማኅበራችን ያልጠየቃቸውን። ከትዳር በፊት፣ ከትዳር በኋላ፣ በሥራ ጉዞ ላይ። ያለ መከላከያ የሆነ ነገር ነበር? አንዱን ጥያቄ ስመልስ የጆሮዬ ጫፍ ሞቀ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ለሥልጠና ከከተማ ወጥቼ ሳለሁ፣ ስለ ምንም አላስብም የምልበት ዘመን ነበረ። ሥልጠናው ስለ ኤች አይ ቪ መከላከል ነበር። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ምስኪኑ ጽዋ ለምን ያን ያህል እንዳስፈራኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለራሴ መናገር ያልፈለግሁትን ሁሉ እሱ ላይ ጭኜበት ነበር። ሌሎቹም አግዳሚው ላይ የየራሳቸውን ጭነው እንደተቀመጡ እገምታለሁ። እትዬ ለብቻቸው የሁላችንን ተሸክመው ነበር።

ጣቴን ወጋኝ፤ ውጤቱን ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ ሰማሁ። ነጻ ነኝ። ስለ ሌሎቹ ውጤት አልጠየቅሁም፤ እነሱም አልነገሩኝም፤ የሰው ውጤት የሰውየው ነው። ብቻ ይህን ልበል፤ የእኔ መፈክር፣ የሙሴው ኮሚቴና የቆርቆሮው ሰሌዳ በስንት ዓመት አንድ ሰው አስመርምረው እንደሆነ አላውቅም። በፍጹም የማያስተላልፍ አንድ ጽዋ ግን በአንድ ጠዋት አምስት ሰው አስመረመረ።

በአንድ ሚኒባስ ተመለስን። እትዬ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ቆሎ አዞሩ። ሁላችንም መዳፋችንን ዘረጋን። የምርመራ ወረቀት በኪስ ተይዞ የሚገኝ ድፍረት ርካሽ ነው፤ ቢሆንም ቆሎው አለቀ።

በሃያ አንድ ሙሴው ቤት ተሰበሰብን። ሐሙሲት ያልነበሩት ብዙዎቹ ነገሩን አላወቁም፤ ኩባያቸውን ደብቀው ይዘው ነበር የመጡት፤ በየነጠላው ሥር ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። የማንም ሰው እጅ ግን ቀድሞ መውጣት አልፈለገም። ከጸሎቱ በኋላ ሙሴው ወደ እኔ ዞሮ፣ በዝግታ፣ አንድ አንቀጽ ነበረ፣ ይነበብ አይነበብ እንጃ አለ። ለምኖ ያስጻፈኝ ሰው አሁን ላለማንበብ ይለምነኝ ነበር።

«አልጻፍሁትም» አልሁ።

ውሸት ነው። ወረቀቱ አሁንም አለ፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ አስቀምጬዋለሁ። እንዲያም ሆኖ በዚያ ሰሞን ከተናገርሁት ሁሉ የተሻለው ቃል እሱ ነው።

ጽዋው ዞረ። እትዬ ጠጥተው ሰጡኝ፤ ጠጣሁ፤ ዓይናቸውን ከጉሮሮዬ ላይ አልነቀሉም።

«አሁን ወረደ» አሉ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፤ በእሳቸው ልክ ማለቴ ነው፤ ሦስት ሰው ብቻ ሰማ። በስብሰባው መጨረሻ ሙሴው ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ደረታቸው ላይ አቅፈውት ወጡ።

በሚቀጥለው ወር እትዬ ቤት አራት ሰው ሳይመጣ ቀረ። አንዱ ሐዘን ገጠመኝ አለ፤ የማን ሐዘን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ለቀሩ ሰዎች ድርሻቸው ዳቦ ይላክላቸዋል፤ ልማዱ ነው፤ እትዬም ላኩ። አንዷ ሳትቀምሰው ለለማኝ መስጠቷን ሰምተናል። እንግዲህ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልጽፍም። የመጣነው ግን በላን፣ ጠጣን፤ ባለ ተራ እኔ ስለሆንሁ ጽዋውንና አንድ ጠርሙስ ጠላ ተረክቤ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ባለቤቴ በር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ሁሉንም ነግሬአታለሁ፤ ሐሙሲትንም፣ ከሐሙሲት በፊት የነበረውንም። ለሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው ቀን ራሷ ሄዳ ተመረመረች፤ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ። ከእኔ ደፋር ናት። ጽዋው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክዳን ያላትን ኩባያ የገዛችው እሷ ናት። ከእትዬ ጠርሙስ ቀዳሁና ዘረጋሁላት። ጽዋውን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ተቀበለች። ፉት ማለት ብቻ አይደለም፣ ደህና አድርጋ ጠጣች። ከንፈሯን ጠረገች።

«ጌሾ አብዝተውበታል» አለች።

ወዲያው ስልኬን አንሥቼ እትዬ ጋ ደወልሁ። ቃል በቃል ነገርኋቸው። ስልኩን ከጆሮዬ እስካርቅ ድረስ ሳቁ።

«በላት» አሉኝ፤ «በሚቀጥለው ወር የእሷን እናያለን።»